ከድምፅህ ስር የሰማሁት

ልጄ ባዳቾ፣ ጌታ በወጣህ በገባህበት ሁሉ ይቅደምልህ። እኛ ደህና ነን፤ የጓሮው ቦዬ ደርሶ ስሩን እየቆፈርን ቀቅለን እንበላለን። ወንድምህ ማቲ የአባትህን መጋዘን የጃዝ ቤት አደረገው። ሙዚቀኞቹ ሲጫወቱ ማውራት ክልክል ነው። እኔ ደግሞ መቼ አፌን መያዝ አውቃለሁ! ቅዳሜ ለጎረቤታችን ለዱንያ ስለ ሽንኩርት መወደድ ሳወራ፣ ማቲ በሰው ፊት «እሽሽ!» አለኝ። ተናድጄ ዝም አልኩ። ዝም ስል ከሳክስፎኑ ስር ቤዝ ጊታሩን ሰማሁት፤ ለካ ከመጀመሪያውም ነበር።

ቤት ገብቼ የላክህልኝን የድምፅ መልእክት ደግሜ ከፈትኩት። «ደህና ነኝ እማዬ» ከማለትህ በፊት ከስልኩ ራቅ ብለህ ታስላለህ። የድሮዎቹንም ከፈትኳቸው፤ ሳሉ በሁሉም አለ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። እባክህ ልጄ፣ ሐኪም ቤት ሂድ። ጌታ ደረትህን ይዳስስልህ። ስትደውል ግን ደህና ነኝ አትበለኝ፤ አሁን እሰማለሁ።

እናትህ