ካርታው ላይ ባዶ የነበረው ሜዳ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

መብራት የለም። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ላብ ካንጠባጠብኩብሽ ይቅር በይኝ ደብተሬ።

ከት/ቤት ቀጥታ ኮሚቴ። የቤት ማኅበራችን የወደፊት መንደር ፕላን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ከከተማው ጠርዝ፣ ያ ጠጠርና እሾህ ብቻ የሆነው በረሃ። መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ፣ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት የሚገባባቸው። ከአባያ ሐይቅ ለሚመጣው ነፋስ ክፍተት አላሰቡለትም፤ አጥር በአጥር። ይህንኑ ተናገርኩ። ሊቀ መንበሩ ኢንጂነር ሰለሞን፣ ነፋስ ካርታ አይወጣለትም ብሎ ቀለደ። ተሳቀ። «አረንጓዴ ቦታ» ያሉት ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ፍየልም አስባበት ነው የምትወጣው።

ዋናው ጭንቀት ግን ሌላ ነው። አባላት ከቦታው በአንድ ይበልጣሉ። መጨረሻ የተመዘገብኩት እኔ። አከራያችን ወ/ሮ አልማዝ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ቤቱን ልቀቁ ብለዋል። እማዬን ይዤ የት እገባለሁ?

የሳተላይቱን ፎቶ ሳብኩት። መሃል ላይ ክብ ባዶ ሜዳ፣ አንድ ዛፍ ብቻ። ጣቴን አሳረፍኩበት። ይሄስ ለምን አይሸነሸንም? ወዲያው ተስማሙ። ግማሹ ለመንገድ፣ ግማሹ ለእኔ፣ ያለ ዕጣ።

ስለ ነፋስ ስሰብክ የቆየሁ ሴትዮ! በአጋጣሚ የተረፈችውን አንድ ክፍተት ደፈንኳት።

ለእማዬ ነገርኳት። እልል አለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ቦታዬን ለማየት ሄድኩ። መሬቱ በእግር ብዛት ተጠቅጥቆ ለስልሷል። ከዛፉ ሥር ድንጋዮች በክብ ተደርድረዋል፤ የተቀመጠባቸው ሰው ብዛት አለስልሷቸዋል። ጥላው ውስጥ ስገባ ነፋሱ አገኘኝ። ደስ አለኝ። የእኔ ሊሆን ነው አልኩ።

አንድ ሽማግሌ መጡ፣ አቶ ኦይቻ ይባላሉ። እዚያው አጠገብ በመስኖ ሙዝ የሚያለሙ ገበሬ። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፣ በኩራት ጭምር። ቀስ ብለው፣ «መምህርት፣ ይሄ ዱቡሻ ነው» አሉ።

ዱቡሻ። የጋሞ ሽማግሎች ተቀምጠው የተጣላ የሚያስታርቁበት፣ ደም የሚያደርቁበት ሜዳ። ስሙን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ቦታውን ግን ሳየው አላወቅሁትም። ፎቶው ላይ ባዶ ነበራ!

ባዶ መስሎኝ ነው አልኳቸው። «ባዶ አይደለችም። ሰው ሲጣላ ትሞላለች» አሉኝ። እሳቸው ጸሎት ቤት የሚዘምሩ ሰው ናቸው፤ ያም ሆኖ ከወንድማቸው ጋር በወሰን ተጣልተው የታረቁት እዚህ ነው። የትኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደነበር አሳዩኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ለኮሚቴው አልነገርኩም። ልናገር አስቤ ሁለቴ ስልኩን አነሳሁ፣ ሁለቴ አስቀመጥኩ። ሌላ ሰው ይናገር። እነሱ ራሳቸው አቤት ይበሉ። ማዘጋጃ ቤት የለም እንዴ?

እማዬ አልጋዋን የት እንደምታደርግ ወስናለች። በመስኮቱ በኩል፣ ጧት ፀሐይ የሚነካት። ደጃፉ ላይ ማንጎ። ስለ ዱቡሻው አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ችካል ልንተክል ወጣን። ኢንጂነሩ፣ ቀያሹ፣ ችካሉን የጫነው ፒካፕ ሾፌር፣ እኔ። የሜትሩን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ገና የመጀመሪያው ችካል ሳይመታ ሽማግሎቹ መጡ፣ ተሰልፈው፣ እጃቸው ላይ እርጥብ ሳር ይዘው። አቶ ኦይቻም አሉ። ከፊታችን ተንበረከኩ። ሳሩን መሬት ላይ አኖሩት። ልመናቸው ሳሩ ነበር።

በየካቲት እዚህ ቆላ እርጥብ ሳር የለም። በጧት መኪና ከጨንቻ ደጋ የወረደ መሆን አለበት። ለእኛ ብለው።

ኢንጂነሩ ጊዜ አናባክን፣ በጎን እንዙር አለ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ቀያሹ የጨንቻ ልጅ ነው፤ መሣሪያውን አጣጥፎ፣ «ኢንጂነር፣ ሳር ተይዞ አይታለፍም» አለ። እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ለእኔ ይያዛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰዎች እግሬ ሥር ተንበርክከው። አፈርኩ። ሜትሩን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15፣ ከስብሰባ መልስ

ጠቅላላ ጉባኤ። ጫጫታ። ገሚሱ ፖሊስ ይጠራ፣ ገሚሱ ይቅርብን። በመጨረሻ ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ። ቦታው የአንቺ ነው፤ ቀጥሉ ካልሽ በሕግ እንቀጥላለን፤ ተዉት ካልሽ ሌላ ትርፍ ቦታ የለም። አልዋሸም። ቁርጡን ነው የነገረኝ።

ተነሳሁ። ሜዳው እንዳለ ይቆይ፣ መንገዱ ይዙርለት፣ እኔን ሰርዙኝ አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። አጠገቤ የነበረችው መ/ርት ቀና ብላ አላየችኝም። የእሷ ቦታ ሜዳው ጥግ ነው፤ ጥላው ለእሷ ይደርሳል። ቀናሁባት፣ ልዋሽሽ አልችልም።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ሳሩን፣ ሽማግሎቹን፣ ሁሉንም። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከጎጃም ይዟት ከመጣ ጀምሮ ከኪራይ ኪራይ ስትዞር የኖረች ሴት ናት። ጥሩ አድርገሻል ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ሞኝ።

ነጠላዋን ሰበሰበች። ከዚያ፣ «እንግዲያ ሬሳዬ ከሰው ቤት ሊወጣ ነው» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አጠገቧ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። እጇን ስይዘው አልነጠቀችኝም።

ስሜን ተመልሼ አላስገባም። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሲቀላ ሰፈር ወርጄ የሚከራይ ቤት እፈልጋለሁ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ።