«የሚያሰለች» ነው ያልኩት

እማዬ፣

ነገሩ የተበላሸው አንዲት «ሚ» «ማ» ስትሆን ነው። ማክሰኞ ጠዋት የጻፍኩትን ግምገማ ድረ ገጻችን ላይ ስከፍተው፣ «የሚያሰለች» ያልኩት ክፍል «የማያሰለች» ሆኖ፣ ከሥሩም ስሜ በደማቁ ተጽፎ አገኘሁት።

ጤናሽን ሳልጠይቅ ገባሁበት፤ ይቅር በይኝ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣቱን ተውሽው ወይስ ዛሬም «ምን እሆናለሁ» እያልሽ ነው? እኔ ደህና ነኝ። የምሬን ነው፤ እንዲህ እንቅልፍ ከወሰደኝ ቆይቷል።

ያን ወንድሜ ቴሌቪዥኑን ይዞ አልለቅም የሚልበትን አኒሜ፣ የጃፓኑን ካርቱን፣ ታውቂዋለሽ፤ አንቺ በበሩ ስታልፊ «ይምታው እንጂ፣ ምን ያስለፈልፈዋል» የምትይውን። ይኸው ዛሬም አላለቀም። የገመገምኩት አዲሱን ክፍል ነው። ሲጀምር ጀግናው ቡጢውን አንስቷል፤ ሲያልቅም ቡጢው እዚያው ነው። በመሃል ያለፈውን ሳምንት መልሰው ያሳዩናል፣ ጠላትየው ስለ ኃይሉ ያብራራል፣ ዳር ቆመው የሚያዩት ሁሉ ተራ በተራ አፋቸውን ይከፍታሉ። መጎተቱንስ እችለው ነበር። ያናደደኝ ድምፀቱ ነው። ጀግናውን ያሳደገው መምህር እያጣጣረ ሳለ ወፍራሙ ጓደኛቸው አንሸራቶት ይወድቃል፣ የሚያስቅ ሙዚቃም ይከተላል። ላለቅስ የተዘጋጀሁት ሴትዮ ምን ልሁን?

ይህን ሁሉ ጽፌ ነበር። አለቃዬ «ቦታ ጠበበን» ብሎ ቆረጠውና ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ርዕስ አደረጋት። ለካ ተከታታዩን የሚያሳየው ጣቢያ ማስታወቂያ ሊሰጠን ኖሯል።

አንዲት አንባቢ «እህቴ፣ አንቺን አምኜ ልጆቼን ሰብስቤ ተቀመጥኩ፤ እነሱ ተኙ፣ እኔ በገንኩ» ብላ ጻፈችልኝ። ወስጄ ለአለቃዬ አሳየሁት። ሳቀ። የፊደል ስህተት መስሎት እንዳረመልኝ ነገረኝ። ቀጥሎም «ለአንዲት ፊደል ይህን ያህል? ደግሞስ ያንቺ ስም የኔም አይደል እንዴ?» አለኝ። እኔ ስቆርጥ ደግሞ ታውቂኛለሽ።

የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ከቁልፉ ጎን ሌላም የሱ የሆነ ነገር አኖርኩ፤ ጣቴ ቀሎኛል። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ሙሉውን ግምገማ በራሴ ገጽ አወጣሁት። መጀመሪያ የመለሰችልኝ ያቺው አንባቢ ናት፦ «አሁን አንቺ ነሽ»።

የሰርጉ አዳራሽ መቅረቱን ለአክስቴ አንቺው ንገሪልኝ፤ የሷን ጥያቄ አልችለውም። «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ» ማለቷ አይቀርም። ትበል።

ጉልበትሽን ይጠግንልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ይህን ስታነቢ እንዳታለቅሺ፤ እኔ እፎይ ብያለሁ። ያላልኩትን በስሜ የሚናገርልኝን ሰው ግን ከእንግዲህ አልቀበልም፤ አለቃም ይሁን፣ ከአለቃ የቀረበም።

ልጅሽ