የጂም ወንድሞቼን የተውኩበት ቅዳሜ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለማይሊስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ ኦስቫልዶ እንዴት ነው? ወደቡ ላይ ጭነት ሲያነሣ የሚያመው ወገቡ ተሻለው? አማትሽ እማማ ሬናታስ ዐይናቸው በረታ? ትንሿ ልጅሽ አምፓሮ ቆማ መሄድ ጀመረች ወይስ ገና በመዳህ ላይ ናት? እኔ ደኅና ነኝ። እማዬም ደኅና ናት። ብርዱ ሲጠና ጉልበቷን ይጠዘጥዛታል እንጂ ሌላ ችግር የለባትም። ትናንት በረዶውን ከደጅ ስትዝቅ አይቼ አካፋውን ልቀበላት ብጠጋ "ሂድ ወዲያ፣ አልሞትኩም" ብላ አባረረችኝ።

ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አንዱንም አልመለስኩም። ለሠርግሽ ጠርተሽኝ ቀረሁ። እማዬ በስልክ ስታገናኘን እንኳ "ደኅና ነኝ" ብዬ መልሼ እሰጣት ነበር። ስለዚህ የእጅ ጽሕፈቴን ፖስታው ላይ ስታዪ ብትደነግጪ አልፈርድብሽም። አይዞሽ፣ የሞተ ሰው የለም። የምጽፍልሽ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩት አይገባሽም።

አባዬ ባረፈ በዓመቱ የወረቀት ፋብሪካው ተዘጋና ሥራ ፈታሁ። አንቺ ባሕር ተሻግረሻል፣ እማዬ ሐዘኗን ይዛለች፣ እኔም ቢራዬን ይዤ ቤት ዋልኩ። አንድ ቀን ከቤት ለመውጣት ያህል ጂም ገባሁ። እዚያ ሃልቫር የሚባል፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት የሚሆን አናጢ ብረት ሳነሣ ቆሞ አየኝና "ወንድሜ፣ ይህን የመሰለ ጀርባ ይዘህ ብቻህን ምን ትሠራለህ? እሑድ ከእኛ ጋር ጫካ ና" አለኝ። ማይሊስ፣ ከአባዬ ቀብር ወዲህ ና ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር።

አልዋሽሽም፣ መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ስምንት ወንዶች ነን። ሐይቁን በሩጫ እንዞራለን፣ ግንድ ተሸክመን አቀበት እንወጣለን፣ ሣር ላይ እንታገላለን፣ ከዚያ ከአንድ ድስት የአጋዘን ወጥ እንበላለን። መጠጥ ክልክል ነው። በአምስት ወር ዐሥራ አራት ኪሎ ቀነስኩ። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ከሞት ተነሣ" ትል ነበር።

ወሬው የመጣው ወጡን ከበላን በኋላ ነው። እሳቱ ዙሪያ ስንቀመጥ ሃልቫር ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይህ ጡንቻ የማን ይመስላችኋል? የአባቶቻችሁ ነው። መጤው አገራችሁን እየወሰደ እናንተ ከእሱ ፒሳ ገዝታችሁ ትበላላችሁ" ይላል። ሌሎቹ ሲስቁ እስቃለሁ። ፊታችንን ሸፍነን ስንደባደብ እየቀረጸ ኢንተርኔት ላይ ይለቅቃል፣ ያንን ያዩ ወጣቶች ከሌላ ከተማ እየመጡ ይቀላቀሉናል። እንዲህ ያለው ቡድን በየከተማው እንደ እንጉዳይ እየፈላ ነበር። ማለዳ እየተነሣን "ስዊድን ለስዊድናውያን" የሚል ወረቀት በየምሰሶው እንለጥፋለን። እኔ ለራሴ ስፖርት ነው እለዋለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ክፋትም እንደዚያው ነው፤ እግር ሲያወጣ አይታይም።

አሰልጣኝ ቤህሩዝን መቼም አትረሻቸውም። ሰባት ዓመቴ ሳለ እጄን ይዘሽ፣ አልቅሼብሽ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የስፖርት አዳራሽ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም እዚያው ለልጆች ትግል ያስተምራሉ። ሃልቫር አዳራሹን ለእኛ ቡድን ጠይቆ ማዘጋጃ ቤቱ ከለከለው። ያን ጊዜ ነገሩን በአሰልጣኙ ላይ አዞረው። "የእኛን ልጆች ኢራናዊ ሽማግሌ ሲያሠለጥናቸው ዝም ብለን ልናይ ነው? አንድ ቀን ትምህርት እንሰጠዋለን፤ ሁለተኛ ያንን ደጅ አይረግጥም" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ሩናር የኋላውን በር ያውቀዋል" አለ። እኔም "አዎ" አልኩ። አንድ ቃል ናት፤ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ኦክቶበር ውስጥ በአንዱ ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ አምስት ሆነን ሄድን። የኋላው በር መቆለፊያ ድሮም ብልሹ ነው፤ ወደ ላይ አንሥተው ሲገፉት ይከፈታል። የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሰልጣኙ ተንበርክከው የትግሉን ምንጣፍ በጨርቅ ይወለውላሉ። ቀና ብለው ፊታቸውን የሸፈኑ አምስት ሰዎች ሲያዩ ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። አንድ በአንድ አዩን። እኔ ላይ ሲደርሱ አቋቋሜን አይተው፣ "ሩናር፣ ዛሬም ግራ እግርህን ታስቀድማለህ? ስንት ጊዜ ልንገርህ?" አሉኝ።

ጀግና ነኝ ብዬ አይደለም። አሰብኩም አልልሽም። ብቻ ራሴን ሳገኘው ፊቴን ወደ ጓደኞቼ፣ ጀርባዬን ወደ ሽማግሌው አድርጌ ቆሜአለሁ። "በቃ፣ እንውጣ" አልኩ።

"ዞር በል ከፊቴ፣ ከሃዲ!" አለ ሃልቫር።

"አልዞርም።"

የመጀመሪያው ቡጢ የፊት ጥርሴን ወሰደው። እኔም ሃልቫርን ወገቡን ይዤ ጣልኩት። ሌሎቹ ሦስቱ በእርግጫ ተረባረቡብኝ፣ ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰበረ፣ እኔ ግን የሃልቫርን እግር እንደ መዥገር ይዤ አልለቅ አልኩ። በዚህ መሐል አሰልጣኙ ግድግዳው ላይ ያለውን የእሳት አደጋ ደወል መስተዋት በክርናቸው ሰብረው ደወሉን አስጮኹት። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። ሦስቱ ሃልቫርን ጥለው ፈረጠጡ። ከፖሊስ በፊት የደረሱት የሰፈራችን በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው፤ አንደኛው የመጋገሪያ ሽርጡን እንኳ አልፈታም። "እሳቱ የት ነው? የት ነው?" እያሉ ሲሯሯጡ አሰልጣኝ ቤህሩዝ ወለሉ ላይ ወደተጋደምኩት ወደ እኔ እያመለከቱ "ይኸው፣ አሁን ጠፍቷል" አሉ። አጥንቴ እየወጋኝ ሳቅኩ።

ለፖሊስ ሁሉን ተናገርኩ። ጠበቃው "በሩን ማን እንደከፈተ ካልጠየቁህ አትናገር" ቢለኝም ሳልጠየቅ ተናገርኩ። ክረምቱ ግን እንዲህ በዋዛ አላለፈም። የመኪናዬን ጎማ ቀደዱት፣ በራችን ላይ በቀይ ቀለም "ከሃዲ" ብለው ጻፉ። እማዬ ከጓዳ ቢጫ ቀለም አውጥታ በሩን ከላይ እስከ ታች ቀባችው። "ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደግኩትን ልጅ ለአናጢ አልሰጥም" አለችኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ፍርዱ ተነበበ። ሃልቫር ሁለት ዓመት ተፈረደበት፣ ሦስቱ ከዚያ ያነሰ። እኔ በሩን በመክፈቴ የገደብ ቅጣትና መቶ ሃያ ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት አገኘሁ፤ ይገባኛል። ከቡድኑ ከቀሩት ውስጥ ሁለቱ በገዛ ፈቃዳቸው ወጥተዋል፣ የእሑዱም ሩጫ ቀርቷል። በሚቀጥለው ከተማ ሌላ ቡድን ተነሣ ሲሉ ሰምቻለሁና ነገሩ ከሥሩ ተነቀለ ብዬ አላታልልሽም። ቢሆንም ከፍርዱ ወዲህ ደጃችን የመጣ የለም። እማዬ መጋረጃውን ከፍታ ትውላለች። እኔም ምግብ ይጣፍጠኝ ጀምሯል።

አሰልጣኝ ቤህሩዝ ቤት ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አቆሙኝ። "ይቅርታ በአንድ ቀን አይሰጥም፤ እኔም በሩ በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ" አሉኝ። ሻይ ቀድተው ካጠጡኝ በኋላ ግን "ያንን መቆለፊያ ማን ይጠግንልኝ?" አሉ። በማግስቱ ሄጄ ጠገንኩት። አንዲት እናት ልጇ ባለበት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ እንዳታየኝ ጠይቃለች፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እየገባሁ ምንጣፉን አጣጥፋለሁ።

አሁን የከበደኝ ቀረ። ባለፈው ዓመት ሃልቫር እየሳቀ "እህትህ የላቲን አሜሪካ ሰው አገባች አሉ፣ እውነት ነው?" ሲለኝ፣ "እህት የለኝም" ብዬ መለስኩለት። ሁሉም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እማዬ ይህን አታውቅም። ከእኔ አፍ ሰምተሽ ብትጠዪኝ ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩት። ልትመልሺልኝ ካልፈለግሽ አልቀየምሽም፤ ብትመልሺልኝ ግን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

እማዬ ዐይንሽን ስማለች፤ የላክሽላትን ሹራብ ከላይዋ አታወልቀውም። ለኦስቫልዶ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ላየው እንደምፈልግ፣ ፊቱ ለመቆም ግን እንደማፍር ንገሪው። የእማማ ሬናታን ጉልበት ሳሚልኝ። ለአምፓሮ አጎት አላት በያት። ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ስታድግ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

ወንድምሽ ሩናር

ኖርቪክ፣ ዳላርና
ማርች 16 ቀን 2025