ያላነሳሁት ጥያቄ

አስካልዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ካጣሁሽ ሰባት ወር ሊሞላ ነው። መንፈቅሽን ቂርቆስ አስበናል። ደህና ነኝ ብልሽ አታምኚኝም፤ ሽሮ እንኳ ሳላሳርር መሥራት አቅቶኛል። የምክር ቤት ዘመኔ አልቆ መኪናውን መልሻለሁ። አሁን ከሰንጋ ተራ በታክሲ ነው የምሄደው፤ እዚያ ውስጥ «የተከበሩ» የሚለኝ የለም።

የምጽፍልሽ ግን አፍሬ ነው። በሕይወት ሳለሽ ደፍሬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።

የካዛንቺስ ቤቶቻችን ሊፈርሱ ሲሉ የእድራችን ሰዎች ምን እንደለመኑኝ ታስታውሻለሽ። አይፍረስብን አላሉም። አንድ አካባቢ ይስጡን፣ ስንሞት የሚቀብረን ጎረቤት እንዳናጣ ብቻ ነው ያሉት። ጥያቄውን በእጅሽ ገልብጠሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ የእኔን ጽሑፍ እኔም ስለማላነበው። በምክር ቤቱ ስብሰባ ጉዳዩ የሚመለከተው ባለሥልጣን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ወረቀትሽ ኪሴ ውስጥ እያለ ተራዬ ደረሰ። ተነሥቼ «የእኔ ጥያቄ በሌሎች ተነሥቷል፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ማንም አላነሳውም ነበር። ለሚቀጥለው ምርጫ ከእጩነት እንዳይሰርዙኝ ፈርቼ ነው። ለነገሩ ሰረዙኝ።

ያን ቀን ቤት ስገባ ለጎረቤት «ጠይቋል እኮ፣ መልስ ነው ያጣው» ስትይ ከጓዳ ሰማሁሽ። ስብሰባውን በቴሌቪዥን ማየትሽን ያኔ አወቅሁ። እኔም ውሸትሽን ተጠልዬ ዝም አልኩ።

ሰዉ ተበታተነ። ያረፍሽ ዕለት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሦስት ታክሲ ቀያይረው ሲደርሱ ቀብርሽ አልቆ ነበር። የስንት ዘመን ጎረቤትሽ አፈር ሳያለብሱሽ ቀሩ። ድንኳኑ ደጃፍ ቆመው ሲያለቅሱ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ባለፈው ወር እድሩ ወሎ ሰፈር ሲሰበሰብ ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ያንቺንም ውሸት ጨምሬ፤ ይቅር በይኝ። ማንም አልደነገጠም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ «በቴሌቪዥን ሁላችንም አይተንሃል። እሷ እንዳታፍር ብለን ነው ዝም ያልነው» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አላባረሩኝም። ሰው ሲያርፍ ለየሰፈሩ የሚደውል ጠፍቶ ነበርና እሱን ሥራ ሰጡኝ። ትናንት አቶ በየነ አረፉ። ከንጋት ጀምሮ አንድም ቤት ሳልዘል ደወልኩ፣ መኪና ያላቸውንም እየለመንኩ የሌላቸውን አስመጣሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለአቶ በየነ ቀብር ቀድመው ደረሱ። ላንቺ ያልደረሱት በእኔ ምክንያት መሆኑን እስክሞት አልረሳውም።

ባልሽ