አርባ አንዱ ቀንዎና የባሌ የመጨረሻ ቀን

በግዛታችን ሴኔት የአብላጫው ፓርቲ መሪ ለሆኑት ለክቡር ሴናተር ግራንት ዊትላክ፤
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በቴሌቪዥን ያየሁት ያ ቡናማ ውሻዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ልባዊ ምኞቴ ነው። እኔ በኤልምፎርድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምሠራ ሴት ነኝና አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ በይቅርታ ይለፉኝ። ጋዜጣ ላይ ማውጣቴም ለድፍረት አይደለም፤ ከዚህ በፊት በፖስታ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት በክርክሩ ላይ ተቃዋሚዎ ምክር ቤቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ይዛችሁ ምን ሠራችሁ ብለው ሲጠይቁዎት፣ እርስዎ አንዱ አባልዎ ታመው ሆስፒታል እንደነበሩ፣ የሌላው ወንበር በፍርድ ቤት ክርክር እንደተያዘ በትዕግሥት ዘርዝረው፣ ሕግ ለማጽደቅ የሚበቃ ድምፅ በእጅዎ የነበረው አርባ አንድ ቀን ብቻ መሆኑን አስረዱን። ስላብራሩልን አመሰግናለሁ። እኛ ሁለት ዓመት የጠበቅን መስሎን ነበር። እንግዲህ ከተፈቀደልኝ ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ፤

1. ባሌ ዴል ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ገጽ የሚሆን ድንጋይ ሲቆርጥ ኖሮ ሳንባው በብናኝ ተሞላ። የለመንነው ሕግ ትንሽ ነበር፦ ድንጋዩ ውሃ እየፈሰሰበት እንዲቆረጥ፣ ቆራጮቹም በየዓመቱ ሳንባቸውን እንዲመረመሩ። እሱን እንደማያድነው ዴል ራሱ ያውቅ ነበር፤ የፈለገው አብረውት ለሚሠሩት ዘጠኝ ሰዎች ነው። ረቂቁ እስከ ዛሬ በጽሕፈት ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ሰምቻለሁ። ከዴል ያላነሰ አቧራ ጠጥቶ ይሆናል ብዬ አዘንኩለት።

2. አርባ አንዱን ቀን እኔም ልቁጠር ብዬ ካላንደር ይዤ ብቀመጥ አልገጥም አለኝና ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሴት በጣም ጨዋ ናት። ሴኔቱ ማታ ሲነሣ ስብሰባውን ዘጋሁ ሳይሆን አቋረጥኩ ካለ፣ በማግስቱ ሲመለስ ያው የትናንቱ ቀን እንደሚቀጥል አስረዳችኝ። አሥራ ስድስተኛው ቀናችሁ ከማርች ሦስት እስከ ማርች ሃያ ስድስት የቆየ ነው። ያልገባኝ መስሏት፣ «ወይዘሮ ታይገን፣ ያ ሁሉ ለእኛ አንድ ቀን ነው» አለችኝ።

ገብቶኝ ነበር። ዴል ማርች አምስት ሆስፒታል ገባ፣ ማርች አሥራ አንድ ሞተ፣ ማርች አሥራ አምስት ቀበርነው። በእርስዎ አቆጣጠር ገብቶ፣ ሞቶ፣ የተቀበረው በአንድ ቀን ነው። ብዙ አልተሠቃየም ማለት ነው። እኔ ግን አልጋው አጠገብ ስቀመጥ ቀኑ በየማለዳው አዲስ ይነጋብኝ ነበር፤ እሱም በየማለዳው ዓይኑን ሲከፍት፣ በዚያች ባለቀች ትንፋሹ፣ ሕጉ አለፈ ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን አዎ፣ አለፈ አልኩት። በትዳር ሠላሳ አንድ ዓመት ስንኖር የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው፤ የዋሸሁትም ለእርስዎ ስል ነው።

3. ይህ ቅሬታ ቤተሰባዊ ነው። ባለፈው እሁድ የዴል ልደት ስለነበር መቃብሩን አይተን ተመልሰን ምሳ ቀረብን። ወንድሜ ሮይስ የእርስዎ ፓርቲ ሰው ነው፤ ዋርሳዬ ኬንት፣ የዴል ወንድም፣ ደግሞ የወዲያኛው። ድንቹ ሳይነሣ ክርክሩ ተጀመረ።

«ሁለት ዓመት ነው። ካላንደር ማንበብ ያቅትሃል እንዴ፣ ሮይስ?»

«አንተ ደግሞ መቼ ነው የሕግ ሰው የሆንከው? አርባ አንድ ነው፤ ሰውዬው ቆጥሮ ነገረህ አይደል?»

«ለራሱማ ምን አለበት፣ ይቆጥራላ።»

እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው ሮይስ ወደ እኔ ዞሮ ፍረጂን አለኝ። እኔም፣ «ዴል ቢኖር ዛሬ ስልሳ ዓመት ይሞላው ነበር። እሱን የቆጠረ አለ?» አልኳቸው። ኬንት አንገቱን ደፋ። ሮይስ ተነሥቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ፤ በሕይወቱ ሳህን አጥቦ አያውቅም።

ክቡርነትዎ፣ አርባ አንድም ይሁን፣ ሁለት ዓመትም ይሁን፣ እርስዎ ባሉት እስማማለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ አሁን ድምፁም በእጅዎ ነው፣ የታመመም አባል የለዎትም፤ ረቂቁን ከመሳቢያው አውጥተው ለድምፅ ያቅርቡልን። ዘጠኙም ሰዎች ዛሬም ደረቁን ድንጋይ እየቆረጡ ነው።

ለሰጡን ማብራሪያ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ፈጣሪ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም እያንዳንዱን ቀን በሴኔቱ ልክ እንዲያረዝምልዎ የምለምን፣

ሎርና ታይገን
የዴል ታይገን ሚስት፣ ኤልምፎርድ

ማስታወሻ፦ የፊታችን ማክሰኞ ጉባኤዎ ሲከፈት ዘጠኙን ሰዎች ይዤ በተመልካቾች ሰገነት ላይ እገኛለሁ። ጥበቃው ደንቡን በስልክ ነግሮኛል፦ መናገር፣ ማጨብጨብ፣ ጽሑፍ መያዝ ክልክል ነው። ሁሉም ይህን እንደሚያከብሩ ቃል ገብተውልኛል። ስለ ሳላቸው ግን ለጥበቃው ቃል ልገባለት አልቻልኩም።