ከሲቪዬ የሰረዝሁት ቋንቋ

ሰኞ

ሰረዝሁት። ዴልፊ የሚለውን ከሲቪዬ አጥፍቼ በቦታው ጃቫስክሪፕት ብዬ ጻፍሁ። ለዓመታት የመድኃኒት መጋዘኑን ሶፍትዌር የሠራሁበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ለማጥፋት ምንም ጊዜ አልወሰደም። እሱ ነው የከነከነኝ።

ምክሩ የሰናይት ነው። አብረን ተመርቀን እሷ አዲስ አበባ ገባች። በዴልፊ እንደምሠራ በስልክ ስነግራት ሳቀች። «አንተ፣ ይኼን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እኮ ጡረታ ወጥቷል» አለችኝ። ገበያው የሚፈልገውን ጻፍ፣ የቀረውን ገብተህ ትማረዋለህ አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መጋዘኑ አዲስ ሶፍትዌር ገዝቷል። ወሩ ሲያልቅ ሥራ የለኝም፤ እስከዚያ ፈቃድ ላይ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ዴልፊ የሚፈልግ ሌላ መሥሪያ ቤት ፈልጌ አጣሁ። ሲቪውን ላክሁ።

ማክሰኞ

ተጠራሁ። ኀሙስ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ከዚሁ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ ነው። ደስ ሊለኝ በተገባ።

አባቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከደቅ ደሴት በጀልባ መጡ። መሪጌታ ናቸው፤ አጫብር የሚባለውን የዜማ ስልት ያስተምራሉ። ከሌላው የተለየ ነው፤ ተማሪውም ጥቂት ነው። ሹም አቦ ሰፈር የተከራየኋት ቤት አንድ ክፍል ናትና አልጋውን ለቀቅሁላቸው። ሥራ እንዴት ነው አሉኝ። ደህና ነው አልሁ።

ረቡዕ

ጃቫስክሪፕት ሳጠና አደርሁ። ይገባኛል፣ እጄ ግን አይታዘዝም።

የምፈራቸው፦ መብራት። ኔትወርክ። «የሠራኸውን አሳየን» መባል። ይልቁንም የመጨረሻው።

ጠዋት ዓይን ሐኪሙ ዘንድ ወረፋ ስንጠብቅ አንድ ቄስ አባቴን የየትኛው የዜማ ቤት መምህር እንደሆኑ ጠየቋቸው። አጫብር አሉ። ቄሱ ፈገግ ብለው፣ እሱማ እየጠፋ አይደለም ወይ አሉ።

«አለሁ እኮ» አሉ አባቴ።

እኔ ስልኬን መነካካት ጀመርሁ።

ኀሙስ

ያነጋገረችኝ ሩት ትባላለች። የቡድኑ መሪ ናት፤ በዕድሜ ታንሰኛለች። የመጋዘኑን ሶፍትዌር በጃቫስክሪፕት ነው የሠራሁት አልኋት። አባቴ ከጀርባዬ አልጋው ላይ ነበሩ። የምናወራው ደግሞ በአማርኛ ነው።

ሁለት ሠራተኞች አንዱን ካርቶን በአንድ ጊዜ ወጪ ቢያደርጉ ምን ይሆናል አለች። ይኼንን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ተጨንቄበታለሁ። በደንብ መለስሁ። ወደደችው። ከዚያ ያንን ክፍል ኮድ እንዳሳያት ጠየቀችኝ።

መብራት ሄደ አልሁና ላፕቶፑን ዘጋሁት።

መብራት አልሄደም። አምፖሉ ከራሴ በላይ እየበራ ተቀመጥሁ።

አባቴ፣ የሠራኸው በሌላ ቋንቋ ነው እንዴ አሉኝ። አዎ አልሁ። ለእርስዎ ቀላል ነው፣ የዜማ ቤት መለወጥ አላስፈለገዎትም አልኋቸው። ተናድጄ ነው፤ ባልተናገርሁት። ለካ ለውጠው ያውቃሉ። ከተመረቁ፣ ካስተማሩም በኋላ ጎንደር ሄደው ሌላውን ስልት ተምረዋል፤ ከልጆች ጋር ከመጀመሪያው ተቀምጠው።

«አጫብር መሆኔን ግን አልደበቅሁም» አሉ። «መምህሩ ከየት እንደ መጣሁ ካላወቁ ምኔን ያርማሉ?»

ዓርብ

ለሩት ጻፍሁ። መብራቱ አልሄደም። ሶፍትዌሩ የተሠራው በዴልፊ ነው። በጃቫስክሪፕት ጀማሪ ነኝ። የጠየቀችኝን ክፍል እንዲገባት አድርጌ በዴልፊ እንደገና ጽፌ አያያዝሁት። ላክሁት።

ስልኬን ቤት ትቼ ሐይቁ ዳር ወጣሁ። ወላጆች ልጆቻቸውን ፎቶ ያነሣሉ፣ ዓሣ ጠባሾቹ ይጣራሉ። ሁሉም የሰማ መሰለኝ። ፊቴ እስካሁን ይግላል። ስመለስ ሰናይት ደውላ ነበር። መልሼ አልደወልሁላትም።

ቅዳሜ

ሩት መለሰች። ስለ መብራቱ አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች፦ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም። ዴልፊን ከእነሱ ውስጥ የሚያነብ የለም። ችግሩን የፈታሁበት መንገድ ግን ገብቷታል። ባመለከትሁበት ደረጃ አይወስዱኝም፤ በጀማሪነት፣ በሙከራ፣ በእሷ ሥር ከሆነ ግን ሰኞ መጀመር እችላለሁ።

ጀማሪ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ። ደስታ ይሁን ሌላ እፍረት አልለየሁትም። ሐሳቤን ከመለወጤ በፊት እሺ ብዬ ጻፍሁላት።

ለአባቴ ነገርኋቸው፤ የምታስተምረኝ በዕድሜ የምታንሰኝ መሆኗንም ጭምር። እሱ አልደነቃቸውም። የዓይን መድኃኒታቸውን ጠብ አድርገው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ ያዙ።

«እንግዲያማ አንቺ እንዳትላት» አሉኝ።

የላክሁትን መልሼ ከፈትሁ። «እሺ፣ አመሰግንሻለሁ» ይላል።