የእሜቴ ሥራ ለባክቴሪያ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ለምትናፍቀኝ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ። ወንድሜ በስልክ እንደነገረኝ፣ እራት ላይ ድንገት «ለመሆኑ ጀርም የፈረስ ሥራ እንዴት ይሠራል?» ብለህ ጠይቀኸዋል። እኔን አኩርፈህ በእሱ በኩል መጠየቅህ አሳቀኝ። ኩርፊያውን ስትጨርስ እንነጋገራለን፤ እስከዚያ ጥያቄህን ልመልስ።

ፈረሶቹን በጥቂት በጥቂቱ የእባብ መርዝ ስንወጋቸው፣ ደማቸው መርዙን አንቆ የሚይዝ ነገር እንደሚያበጅ ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። አንቲቦዲ የምንለው፣ እባብ ለነደፈው ሰው መድኃኒት የሚሆነው እሱ ነው። ከሁሉም «እሜቴ» ብለህ ስም ያወጣህላት የባዝራዋ ደም ይበረታል፤ አለቃችን «ምትክ ሳይገኝላት አትለቀቅም» ያሉህም ለዚሁ ነው። አንተ ደግሞ «አርጅታለች፣ ደሟን አትጨርሱት» ብለህ የጋጣውን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ ወርውረህ ሄድክ። አብሬህ ባለመውጣቴ እንደተቀየምከኝ አውቃለሁ። የቀረሁት ምትኩን ልፈልግላት ነበር።

እንግዲህ ከእሜቴ አንድ ብልቃጥ ደም ወስደን፣ አንቲቦዲው እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘውን ዘረመል ቀዳን። ሙሉው ለባክቴሪያ ይከብዳታል፤ ስለዚህ መርዙን የሚጨብጠውን ጫፍ ብቻ ቆርጠን ሰጠናት። በሰው አንጀት ከሚኖሩት ወገን ነች፤ እኛ ጋ ያለችው ግን ጉዳት የላትም። የተሰጣት ትእዛዝ የራሷ ይመስላታል። ምንድነው፣ ለማን ነው ሳትል ትሠራለች፤ በዚህስ ከእኔ ትሻላለች።

መጀመሪያ ሙቀቱን ከፍ አድርጌ አጣደፍኳት። ብዙ ሠራች፤ ግን ሁሉም እንደተበላሸ ወተት ተቋጥሮ ለምንም የማይሆን ሆነ። ቴክኒሺያናችን ነገር ይወዳል፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም እንዴ?» አለኝ። ቀዝቀዝ አድርጌ አዘገየኋት። ጥቂት ሠራች፤ የሠራችው ግን ቅርጹን ይዞ በደንብ የታጠፈ፣ ልክ የሆነ ነበር። ሲቀዘቅዝ እጥፋቱ ለምን እንደሚሰምር መጽሐፉ ያስረዳል፤ እኔን ግን አሁንም ይገርመኛል።

ማክሰኞ ሞከርነው። መርዝ በተቀባ ሳህን ላይ እሷ ከሠራችው ጠብታ አሳረፍን፤ ከያዘ በመጨረሻ ቢጫ ይሆናል፣ ካልያዘ ውሃ መስሎ ይቀራል። እውነቱን ልንገርህ፣ የማስበው ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ስለ እሜቴ ነበር። ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ። ቴክኒሺያኑ «ይኸው፣ ፈረስሽ ጋለበች» አለና ወንበር አቀረበልኝ።

ለሰው መድኃኒት እስኪሆን ገና ዓመታት ይቀሩታል፤ እስከዚያ ወጣቶቹ ፈረሶች ይሠራሉ። የአለቃችን ፍርሃት ግን የእሜቴ ነገር ከእሷ ጋር አብሮ እንዳይቀበር ነበር። ተቀድቶ ሲሠራ ስላዩ፣ ትናንት በጡረታ አሰናበቷት። ከእንግዲህ መርፌ አያገኛትም።

አሁን ቀኑን ሙሉ ሣር ላይ ነች። የግቢው በር በተከፈተ ቁጥር ጆሮዋን አቁማ ታያለች፤ እኔ መሆኔን ስታውቅ ወደ ሣሯ ትመለሳለች። አዲሱ የፈረስ ጠባቂ «ማንን ነው እንዲህ የምትጠብቀው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አንተን እንደሆነ ነገርኩት። እኔም ቤት ስሆን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና እንደምል ግን አልነገርኩትም።

ጤናህን ይስጥህ፣ ጉልበትህን ያበርታልህ፣ መንገዱንም ያቅናልህ።

«ለምን አብዢ» የምትላት
ልጅህ